የኤምኤልኤስኤስ ሴንሰር ካሊብሬሽን፦ ከገንዳው ዳር እስከ ሚዛኑ

በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የሠራ ሰው ይህችን ክርክር ያውቃታል። ኤምኤልኤስኤስ የሚባለውን፣ አየር መስጫ ገንዳ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ጠጣር መጠን የሚለካው ሴንሰር ማሳያ በሊትር 2,740 ሚሊግራም ይላል፤ ላብራቶሪው 3,150 ብሎ ይልካል። ኦፕሬተሩ ላብራቶሪውን ይጠረጥራል፣ ላብራቶሪው ሴንሰሩን። በመጨረሻ አንዱ ተነሥቶ ሴንሰሩን ከላብራቶሪው ቁጥር ጋር ያገጣጥመዋል። በሳምንቱ ቁጥሮቹ እንደገና ይለያያሉ፣ እንደገና ይነካካል። በየሳምንቱ የሚነካካ ሴንሰር ጨርሶ ካልተነካው ይብሳል። እዚህ የማሳየው አሠራር ከዚህ ይነሣል፦ መስኮቱን ቶሎ ቶሎ አጽዱ፤ ካሊብሬሽኑን (ንባቡን ከሚዛኑ ውጤት ጋር ማስተካከሉን) ግን ከስንት አንዴ ንኩት፣ ስትነኩትም ተዘጋጅታችሁ ይሁን።

መመሪያው በአክቲቬትድ ስለጅ (ፍሳሹን አየር እየነፉ በባክቴሪያ ዝቃጭ በማጣራት) ለሚሠሩ ጣቢያዎች፣ አየር መስጫ ገንዳ ውስጥ ለሚጠልቅ የብርሃን ሴንሰር ነው። ፍሳሹ ከጨርቃ ጨርቅም ይምጣ ከቢራ ፋብሪካ ወይም ከመኖሪያ ቤት፣ አካሄዱ ያው ነው። የአዝራሮቹ ስም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ማኑዋሉን ከጎናችሁ አስቀምጡ።

ሴንሰሩ የሚያየው

ሴንሰሩ ጠጣሩን አይመዝንም። ከመስኮቱ ኋላ ያለች ትንሽ ኤልኢዲ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን፣ ብዙውን ጊዜ 860 ናኖሜትር አካባቢ፣ ወደ ፍሳሹ ትለቃለች። ብርሃኑ ቅንጣቶቹን መትቶ ሲበተን ተቀባዩ ይለካዋል። ለሳሳ ውሃ በ90 ዲግሪ የሚበተነው ብርሃን ጥሩ መለኪያ ነው። ለዝቃጭ ግን ወደ ኋላ የሚመለሰው ይሻላል፤ ፍሳሹ በጣም ሲወፍር በ90 ዲግሪ የሚደርሰው ብርሃን መጨመሩን ትቶ መቀነስ ስለሚጀምር አንድ ንባብ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ኢንፍራሬድ የተመረጠው ደግሞ የውሃው ቀለም ብዙም ስለማያውከው ነው። የማቅለሚያ ክፍሉ ዛሬ ሰማያዊ ነገ ቀይ ቢለቅም ንባቡ በቀለሙ ምክንያት ብዙ አይናወጥም። ጥቁር ቅንጣት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፦ የካርበን ዱቄት የሚጨመርበት ገንዳ ላይ ካርበኑ ብርሃኑን ስለሚውጠው ሴንሰሩ አሳንሶ ያነባል።

የቅንጣቱ መጠንም አለ። በአንድ ብርጭቆ ውሃ የጤፍ ዱቄት፣ በሌላው ያንኑ ያህል የሚመዝን ያልተፈጨ ጤፍ አማስሉ። ክብደቱ እኩል ነው፤ በዱቄቱ ብርጭቆ ግን ማዶው አይታይም፣ በጤፉ ይታያል። ዝቃጭም እንደዚያው ነው፤ ፍሎኩ (ተያይዞ የተጓጎለው የዝቃጭ ቅንጣት) ሲደቅ ተመሳሳዩ ሚሊግራም የበለጠ ብርሃን ይበትናል። ስለዚህ ካሊብሬሽን የዚያ ገንዳና የዚያ ዝቃጭ ነው፤ ከሌላ ጣቢያ የተገለበጠ ቁጥር አይሆናችሁም። ካኦሊን (ነጭ ሸክላ) በጥብጦ ማስተካከልም አይሆንም። ፎርማዚን የተባለው መፈተሻ ፈሳሽ ቢሆን የሚለካው ድፍርስነትን ነው፣ አሃዱ ኤንቲዩ ነው፤ ሴንሰሩ ጤነኛ መሆኑን ለማረጋገጥ ይጠቅማል እንጂ በሊትር ስንት ሚሊግራም እንዳለ አይነግራችሁም።

ገንዳው ዳር ከመሄዳችሁ በፊት

መጀመሪያ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን አስጠንቅቁ። የዝቃጭ ማስወገጃው ፓምፕ በዚህ ሴንሰር ንባብ የሚነሣና የሚቆም ከሆነ ሴንሰሩን ከገንዳው ስታወጡት ንባቡ ይዘላል፣ ፓምፑም ይከተለዋል። ትራንስሚተሩን (የሴንሰሩን ንባብ የሚያሳየውንና የሚያስተላልፈውን ሣጥን) ንባቡ ባለበት እንዲቆም ሆልድ ላይ አድርጉት፣ ፓምፑን ወደ ማንዋል አዙሩት። ብዙ ሰው የሚረሳት እርምጃ ይህች ናት።

ከዚያ አሁን ያለውን ፋክተር (ንባቡ የሚባዛበትን ማስተካከያ ቁጥር) እና የዜሮ ቁጥር (የንጹሕ ውሃውን መነሻ) ከማሳያው ላይ ጻፉ፤ ስልካችሁ ካለ ፎቶ አንሡት። ነገሩ ቢበላሽ የምትመለሱበት ቦታ ያ ነው።

ብቻችሁን አትውጡ። አየር በሚነፋበት ገንዳ ውስጥ ውሃው በአረፋ የተሞላ ስለሆነ ሰውን እንደ ተራ ውሃ አያንሳፍፍም፤ ዋናተኛም ቢሆን ይሰምጣል። ሁለት ሰው፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት፣ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ እጅን በሳሙና መታጠብ እዚህ ወግ አይደለም፤ የምትነኩት ፍሳሽ ነው።

ማጽዳት፣ ምናልባትም እዚሁ ማብቃት

ከማውጣታችሁ በፊት ንባቡን መዝግቡ። ሴንሰሩን አውጥታችሁ መስኮቱን በለስላሳ ጨርቅ፣ በውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጥረጉት። የኖራ ቅርፊት ካለ በኮምጣጤ የተነከረ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ አሳርፉበትና አለቅልቁት። ሽቦ ስፖንጅ፣ ቢላዋ፣ የቢራ ጠርሙስ ክዳን፣ ሌላም ሰው የሚፈጥረው መፋቂያ ሁሉ ክልክል ነው። የተጫረ መስኮት ራሱ ብርሃን ይበትናል፤ ያንን ደግሞ ካሊብሬሽን አይሽረውም። መጥረጊያ ጎማ ያለው ሴንሰር ከሆነ የጎማውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱ፤ ተሰንጥቆ ወይም ደርቆ ከሆነ ቀይሩት።

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሌላ ጣጣ አለ። የክር ብናኝ በሴንሰሩ አንገት ይጠመጠማል፣ ጫፉ መስኮቱ ፊት ይወዛወዛል፣ ቁጥሩም አብሮት ይወዛወዛል። ላብራቶሪው ጋ የሚደረገው ጭቅጭቅ ሁሉ የአንዲት ክር ሥራ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ሴንሰሩን ወደ ገንዳው መልሱትና ንባቡ እስኪረጋ ጠብቁ። ከጽዳቱ በኋላ ቁጥሩ ወደ ላብራቶሪው ውጤት ከተጠጋ ሥራው አልቋል። ካሊብሬት አታድርጉ። በሚቀጥለው ጊዜ የጽዳቱን ቀን አቅርቡት፣ በቃ።

ንባቡ ሳያቋርጥ የሚዘል ከሆነ ደግሞ የተገጠመበትን ቦታ ተመልከቱ። በቀጥታ ከአየር ማሰራጫው በላይ ከሆነ አረፋውን እየቆጠረ ነው፤ ግድግዳ ወይም ወለል ከተጠጋ የራሱን ብርሃን ነጸብራቅ እያየ ነው። ቦታውን ቀይሩለት። መስኮቱ ላይ አረፋ እንዳይጠራቀም ትንሽ ዘንበል አድርጎ መግጠምም ብዙ ያግዛል።

ዜሮ

ጥቁር ባልዲ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ሙሉና ጥቂት አቆዩት፤ አሁን ከቧንቧ የወረደ ውሃ በጥቃቅን አረፋ የተሞላ ነው፣ ሴንሰሩም አረፋውን ጠጣር ነው ብሎ ያነበዋል። ባልዲው ነጭ ከሆነ ግድግዳው ብርሃን ስለሚመልስ ዜሮው ይዋሻል። የጸዳውን ሴንሰር ዘንበል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አጥልቁት፣ መስኮቱ ላይ የቀረ አረፋ ካለ ነቅነቅ አድርጉት፤ ከባልዲው ወለልና ግድግዳ ማኑዋሉ የሚጠይቀውን ያህል ይራቅ።

ገንዳው 3,000 የሚያነብ ከሆነ በንጹሕ ውሃ 10 ወይም 20 ማየት አያስጨንቅም፤ ተዉት። ከዚያ በእጅጉ ከራቀ ደግማችሁ አጽዱ፣ ባልዲ ቀይሩ፤ ያኔም ካልተመለሰ ብቻ ዜሮውን አስተካክሉ። ብዙ አምራቾች ዜሮውን ፋብሪካ ውስጥ አስተካክለው ነው የሚልኩት፤ እኔም በቂ ምክንያት ሳይኖር ባይነካ እመርጣለሁ።

ናሙና መቅዳት

ካሊብሬሽኑ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ሴንሰሩ ያየውና ላብራቶሪው የመዘነው አንድ ዓይነት ውሃ ካልሆነ ከዚህ በኋላ ያለው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው።

ጣቢያው በተለመደው ሁኔታ የሚሠራበትን ሰዓት ምረጡ። ብሎወሩ (አየር መንፊያው) እየሠራ፣ ገንዳው በደንብ እየተደባለቀ ይሁን፤ ብሎወሩ ሲቆም ዝቃጩ መውረድ ይጀምራልና። አንድ ሰው ማሳያው ፊት ይቁም፣ ሌላው በእንጨት ወይም በብረት ዘንግ ጫፍ የታሰረ አፈ ሰፊ የአንድ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ገንዳው ዳር። ጠርሙሱ ከሴንሰሩ አጠገብ፣ ሴንሰሩ ባለበት ጥልቀት ይቀዳ። ከላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ አትቅዱ፣ ከመውጫው ቦይም አትቅዱ፤ የሚያስፈልጋችሁ የዚያ ነጥብ ውሃ ነው።

ጠርሙሱ በሚጠልቅባት ቅጽበት ማሳያው ፊት ያለው ሰው ንባቡን ይያዝ። ብዙ ትራንስሚተሮች ለዚህ የተሠራ ትእዛዝ አላቸው፦ ናሙና ስትቀዱ ትጫኑታላችሁ፣ የዚያችን ቅጽበት ሲግናል ያስቀምጥና የላብራቶሪው ውጤት በማግሥቱ ሲመጣ ቁጥሩን ይጠይቃችኋል። ይህ ከሌለ ለሁለት ደቂቃ በየ10 ሰከንዱ ንባቡን ጽፋችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ላብራቶሪ ውስጥ መናወጥ አለበት። በዚያው ቀን ይመዘን። ዝቃጩ ሕያው ነው፣ በጠርሙስ ውስጥ ሲያድር ራሱን ይበላል። መቆየቱ ግድ ከሆነ በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፣ ሲወጣም ወደ ክፍሉ ሙቀት ተመልሶ ይናወጥ።

ላብራቶሪው

የሚያስፈልገው ቫኪዩም ፓምፕና የማጣሪያ ፈነል፣ ቀዳዳው 2 ማይክሮሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ የግላስ ፋይበር ፊልተር፣ ኦቨን፣ ዴሲኬተር (እርጥበት የማያስገባ ማቀዝቀዣ ዕቃ)፣ እስከ 0.1 ሚሊግራም የሚለይ ሚዛንና መቆንጠጫ ነው። ተራ የቡና ማጣሪያ ወረቀት አይተካውም፤ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ሚዛኑን ያሳስታል።

ፊልተሩን የተሸበሸበው ገጹ ወደ ላይ ሆኖ ፈነሉ ላይ አስቀምጡና በ20 ሚሊሊትር ዲስቲልድ ውሃ ሦስት ጊዜ እጠቡት። በትንሽ የአሉሚኒየም ሰሐን አድርጋችሁ ከ103 እስከ 105 ዲግሪ ባለ ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት አድርቁት፣ ዴሲኬተር ውስጥ አቀዝቅዙት፣ ከነሰሐኑ መዝኑት። ትኩስ ነገር ሚዛን ላይ አይቀመጥም፤ የሚነሣው ሞቃት አየር ቁጥሩን ያወርደዋል። የዴሲኬተሩን ሲሊካ ጄልም አንድ ጊዜ ተመልከቱት። ሰማያዊው ወደ ሮዝ ዞሮ ከሆነ እርጥበት መምጠጡን አቁሟል፤ ኦቨን ውስጥ ታድሶ ይመለስ።

አሁን ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁና ሳይረጋ 20 ሚሊሊትር በሲሊንደር ቅዱ። አፈ ጠባብ ፒፔት አትጠቀሙ፤ ትልልቁ ፍሎክ ጫፉ ላይ ይቀርና ውሃው ብቻ ይገባል። ፊልተሩ ላይ አፍስሱ፣ ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የቀረውን በዲስቲልድ ውሃ እያለቀለቃችሁ ጨምሩ፣ በመጨረሻም ፊልተሩን እንደገና እጠቡት። የሚታጠበው የሟሟውን ጨው ለማስወገድ ነው፤ ጨው የሚበዛበት የማቅለሚያ ፍሳሽ ላይ ይህን የዘለለ ሰው ጨውን ጠጣር ብሎ ይመዝናል።

ማጣራቱ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከፈጀ ናሙናው በዝቷል፤ በ10 ሚሊሊትር ድገሙት። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍ ያለ ቦታ ለሚሠራ ይህ ቶሎ ያጋጥማል። በ2,400 ሜትር አካባቢ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለሆነ ያው ፓምፕ ቆላ ላይ የሚስበውን ያህል አይስብም። ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም።

እንደገና አንድ ሰዓት በኦቨን፣ ማቀዝቀዝ፣ መመዘን። ከዚያ መልሶ ማድረቅና መመዘን፤ በሁለቱ ሚዛኖች መካከል ያለው ልዩነት ከግማሽ ሚሊግራም ሲያንስ ደርቋል ማለት ነው። ከአንድ ጠርሙስ ሦስት ፊልተር ሥሩ። በአንድ ፊልተር ላይ የቆመ ካሊብሬሽን አልቀበልም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ሰሐን ከነፊልተሩ ባዶውን 1.2846 ግራም፣ ከደረቀው ዝቃጭ ጋር 1.3478 ግራም መዘነ እንበል። ልዩነቱ 0.0632 ግራም፣ ማለትም 63.2 ሚሊግራም ነው። ለ20 ሚሊሊትር ሲካፈልና በ1,000 ሲባዛ በሊትር 3,160 ሚሊግራም ይሆናል። ሌሎቹ ሁለቱ 3,090 እና 3,200 ቢሰጡ አማካዩ 3,150 ነው፤ ተቀራርበዋልና ልታምኑት ትችላላችሁ። አንዱ 2,600 ቢል ኖሮ አማካዩን አትውሰዱ፤ ጠርሙሱን ነቅንቃችሁ ሦስቱንም እንደገና ሥሩ።

ቁጥሩን ማስገባት

ሴንሰሩ በዚያች ቅጽበት 2,740 ካነበበ፣ 3,150 ለ2,740 ሲካፈል 1.15 ይመጣል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ትራንስሚተሩ ውስጥ ቀድሞ 1.08 የሚል ፋክተር ካለ፣ 2,740 የሚለው ንባብ ያ ፋክተር ከተባዛበት በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ የምታስገቡት 1.15 ሳይሆን የሁለቱን ብዜት፣ 1.24ን ነው። ናሙናውን በራሱ ትእዛዝ ያስቀመጠ ትራንስሚተር ይህን ራሱ ያሰላል፤ እናንተ 3,150ን ብቻ ትሰጡታላችሁ። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትጫኑ።

ፋክተሩ ከ0.7 በታች ወይም ከ1.4 በላይ ከሄደ እኔ አላስገባም። ጥብቅ ሕግ ሳይሆን የራሴ ወሰን ነው፤ ያን ያህል ልዩነት ብዙውን ጊዜ ከመስኮቱ፣ ከናሙናው ወይም ከሚዛኑ ይመጣል።

በማቅጠን መፈተሽ

አንድ ነጥብ ላይ ተስተካክሎ ሌላው ቦታ የሚስት ሴንሰር አለ። ለማወቅ ከገንዳው አንድ ባልዲ ሙሉ ዝቃጭ፣ ከመጨረሻው ማርጊያ ገንዳ ደግሞ የጠራ ውሃ ቅዱ። የቧንቧ ውሃ አይሁን፤ ጨውነቱና ክሎሪኑ ከገንዳው ውሃ ስለሚለይ ፍሎኩን ሊበትነው ይችላል፤ የተበተነ ፍሎክ ደግሞ በዚያው ክብደት ሌላ ንባብ ይሰጣል። በጥቁር ባልዲ ውስጥ በመጀመሪያ ያልቀጠነውን፣ ከዚያ ሦስት እጅ ዝቃጭ ለአንድ እጅ ውሃ፣ ከዚያ እኩል በእኩል፣ በመጨረሻ አንድ እጅ ዝቃጭ ለሦስት እጅ ውሃ አድርጉ። እያማሰላችሁ ለክታችሁ ጻፉ። መነሻው 3,150 ከሆነ የሚጠበቀው 2,360፣ 1,575 እና 790 ገደማ ነው። ባልዲው ውስጥ ስትለኩ ማማሰሉ ለስለስ ያለ ይሁን፤ በኃይል ከተበጠበጠ አየር ይገባዋል።

ንባቦቹ በቀጥታ መስመር ከወረዱ አንድ ፋክተር ይበቃችኋል። መስመሩ ከታች ወይም ከላይ ከታጠፈና ገንዳችሁ በዚያ ክልል የሚሠራ ከሆነ፣ የእያንዳንዱን ቅጥነት ናሙና አስመዝኑና ትራንስሚተሩ የሚቀበለውን ያህል ነጥብ አስገቡ። መደበኛው ገንዳ ብዙውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 4,000 መካከል ስለሚሠራ ከ500 በታች ያለው መታጠፍ እንቅልፍ አይነሣም። መላሽ ዝቃጭ መስመር (የረጋውን ዝቃጭ ወደ አየር መስጫ ገንዳው የሚመልሰው ቧንቧ) ላይ ለተገጠመ ሴንሰር ግን ክልሉ ከዚህ በብዙ ይወፍራል፣ ነጥቦቹም ከዚያ መመረጥ አለባቸው።

መቼ ይነካል፣ መቼ ይተዋል

በሳምንት አንዴ ከላብራቶሪው ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ከ10 በመቶ ካልበለጠ ጻፉና እለፉ፤ የናሙናና የሚዛን ስሕተት ብቻውን ያን ያህል ሊያመጣ ይችላል። ከዚያ ከበለጠ አጽዱና በማግሥቱ አዲስ ናሙና ውሰዱ። በሦስት ተከታታይ ንጽጽር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ካዘነበለ ያኔ ካሊብሬት አድርጉ። አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚል ከሆነ ሴንሰሩን ተዉትና የናሙና አቀዳዳችሁን መርምሩ።

ዝቃጩ ራሱ ሲለወጥ ነገሩ ሌላ ነው። ክር መሰል ባክቴሪያ በዝቶ ዝቃጩ ሲነፋና አልረጋም ሲል፣ ፋብሪካው አዲስ ምርት ሲጀምር፣ ኬሚካል ሲቀየር የቀድሞው ፋክተር ዕድሜው ያልቃል። በዚህ ጊዜ ወዲያው አትቸኩሉ። ዝቃጩ እስኪረጋ ድረስ በላብራቶሪው ቁጥር ሥሩ፣ ከዚያ ካሊብሬት አድርጉ። አለዚያ የሚያልፍን ችግር ትራንስሚተሩ ውስጥ ቋሚ ታደርጉታላችሁ።

መዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የጽዳቱ በፊትና በኋላ ንባብ፣ የሦስቱ ፊልተሮች ውጤት፣ የድሮውና አዲሱ ፋክተር፣ የሠራው ሰው ስም ይስፈር። ፋክተሩ በየካሊብሬሽኑ ያለማቋረጥ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ብርሃኑ እየደከመ ወይም መስኮቱ እየደበዘዘ ነው፤ መለዋወጫ የሚታዘዘው ያኔ ነው፣ ከውጭ እስኪገባ የሚፈጀው ጊዜ ይታወቃልና።

ለወንዝ ለሚጠቀሙበት

ይኸው ሴንሰር ወንዝ ላይ ሲገጠም ላቦራቶሪው ውስጥ የሚሠራው አይለወጥም፤ የናሙናው ብዛት ግን ይለወጣል። ጣና ሐይቅ የሚገቡትን ጉማራና ርብን የመሰሉ ወንዞች በክረምቱ መጀመሪያ፣ ማሳው ታርሶ ገና ባዶውን ሳለ፣ የሚያመጡት ደለል በመስከረም ያው የውሃ መጠን ሲወርድ ከሚያመጡት እጅግ ይበልጣል። የቅንጣቱ መጠንም አንድ አይደለም፤ ጎርፉ ሲወጣ የሚሄደው አሸዋማ፣ ሲወርድ የሚቀረው ሸክላማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንድ ቀን የተወሰደ ናሙና ለወንዝ ምንም አይበቃም። ጎርፉ ሲወጣም ሲወርድም፣ ከሰኔ እስከ መስከረም እየተቀዳ፣ የሴንሰሩ ንባብና የሚዛኑ ውጤት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ግራፍ ላይ ይቀመጥና መስመሩ በእነሱ ውስጥ ይሰመር። ነጥቦቹ በሁለት ጎራ ተከፍለው ከታዩ ለወጪውና ለወራጁ ጎርፍ ሁለት መስመር ማስመር ይሻላል።